ያልተሰማው ሳል

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለወይዘሮ የዓለምዘርፍ አድማሴ፣ ድሬዳዋ፤

እታለም፣ እንዴት ነሽልኝ? ያ ከሰዓት በኋላ የሚነሣብሽ ራስ ምታት ተወሽ ወይስ አሁንም ጨርቅ አስረሽ ነው የምትውይው? ጋሽ ሙላት ከባቡር ጣቢያው ሥራ ጋር እንዴት ይዞታል፣ ወገቡስ ተሻለው? የኔዓለም ትምህርቷን በርትታለች? ትንሹ ፈንታስ አፉን ፈታ ወይስ ገና በጣቱ እየጠቆመ ነው የሚያዛችሁ? አማትሽ እማማ ወለተ ኢየሱስ ዓይናቸው እንዴት ነው? የድሬዳዋ ሙቀትስ ለቀቅ አደረጋችሁ? እኔን ብትጠይቂኝ ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ ዱቄት ለብሼ ነው የምጽፍልሽ፤ ከዚያ በቀር ደህና ነኝ፣ ተመስገን።

ፖስታው ላይ የደብረ ማርቆስን ማኅተም ስታዪ ክው ብለሽ ይሆናል። ቶሎ ልበልሽ፤ ማንም አልሞተም፣ ማንም አልታመመም። እንዲያውም ይዤልሽ የመጣሁት የምሥራች ነው። ግን ከሥሩ ካልነገርኩሽ አይጥምም፤ ታውቂኝ የለ፣ ወሬ ማንዛዛት ነፍሴ ነው። እባክሽ ወደ መጨረሻው ዘለሽ እንዳታነቢ።

ወደ አገራችን የመጣሁት ጥምቀት እንዳለፈ ነው። የምንጫወትበት የአዲስ አበባው ሆቴል ጣሪያው ይታደሳል ተብሎ ለሁለት ወር ተዘጋና የባንዱ ልጆች በየፊናችን ተበተንን። ለሰው ሁሉ አየር ልቀይር ነው አልኩ። ለአንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ የመጣሁት አባታችንን ልለምን ነው። አንድ ሸክላ አሳታሚ የራሴን ዘፈን ሊያሳትምልኝ ተስማምቷል። እንደ እስከ ዛሬው ሌላ ሰው ሲዘፍን ከኋላ ሆኖ ኦርጋን ማጀብ አይደለም፤ ግጥሙም ዜማውም ቅንብሩም የኔ ነው። የምትዘፍነው ዘሪቱ የምትባል ድምፀ መረዋ ልጅ ናት። ሰውዬው ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝና ስምህን ከነአባትህ ስም ጻፍ አለኝ። ብዕሩን እንደያዝኩ ቀረሁ።

እስከ ዛሬ በየማስታወቂያው ላይ «ቢያዝን ማርቆስ» እየተባልኩ የኖርኩት ለምን እንደሆነ ነግሬሻለሁ። የዛሬ ስምንት ዓመት ከቤት ስወጣ አባታችን ደጃፉ ላይ ቆመው፣ መሄዱን ሂድ፣ ስሜን ግን በአዝማሪ ቤት እንዳታስጠራው አሉኝ። ያችን ቃል አንድ ቀን እንኳ አፍርሼ አላውቅም። አሁን ግን ነገሩ ሸክላ ነው፤ ሸክላ ደግሞ በየቤቱ ይገባል፣ በራዲዮ ይሰማል፣ ሰው ከሞተም በኋላ ይቀመጣል። ሳይፈቅዱልኝ ስማቸውን ባስጽፍ በራሴ ላይ እርግማን መጥራቴ ነው። በከተማ ስም ባስጽፍ ደግሞ አባት የሌለው ሰው መሆኔ ነው። ጭንቄ ይህ ነበር።

መጥቼስ? መጥቼማ ፈራሁ! ከማርቆስ እስከ ቤታችን በአምበር መንገድ በእግር ሦስት ሰዓት ነው፤ ያችን ሦስት ሰዓት አምስት ሳምንት ሙሉ መራመድ አቃተኝ። ያረፍኩት ደምለው ዘንድ ነው። ደምለው ትዝ ይልሻል፣ ያ ከአባታችን ተማሪዎች መሐል ዜማ እየቀጸለ እንቅልፍ የሚወስደው? ዛሬ ገበያው ዳር ወፍጮ ቤት ከፍቶ ሆዱ ቀድሞት ነው የሚሄደው። ከወፍጮው በስተጀርባ ያለችውን የእህል ማስቀመጫ ክፍል ለቀቀልኝ፤ መብራትም አለው። ኦርጋኔን አውቶብሱ ጣሪያ ላይ በፍራሽ ጠቅልዬ ነው ያመጣሁት። አጠቃለሉን ያዩ አንዲት እናት ሬሳ መስሏቸው አባይ በረሃን እስክንወርድና ደጀን እስክንወጣ ድረስ ሲያጽናኑኝ መጡ። ማፈሬ ነው መሰለኝ እኔም ዝም ብዬ ተጽናናሁ። የዱቄቱ ነገር ግን ለጉድ ነው፤ ጠዋት ኦርጋኑን ስከፍተው ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁሉ ነጭ ሆነው ይጠብቁኛል፤ እፍ እያልኩ ነው የማገኛቸው።

ሥራህ በውነቱ ምንድን ነው ብለሽ በጻፍሽልኝ ቁጥር አድበስብሼ ነው የማልፈው፤ ዛሬ ልንገርሽ። ጃዝ የሚሉት ሙዚቃ አንዱን ዜማ ይይዝና ትናንት ባልሄደበት መንገድ ዛሬ ይወስደዋል። ትናንት የተጫወትኩትን ዛሬ ብደግመው ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ለሌላው ሰው ይህ እንግዳ ነገር ይሆን ይሆናል፤ ለእኛ ቤት ልጅ ግን ምኑ አዲስ ነው? አባታችን ትናንት የዘረፉትን ቅኔ ዛሬ ሲደግሙት ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ዘመናዊው ዘፈን ግን ሌላ ጠባይ አለው። ሰው ደጋግሞ ሊሰማው፣ አብሮ ሊያዜመው፣ ሊጨፍርበት ይፈልጋል፤ በሦስት ደቂቃ ተጀምሮም ማለቅ አለበት። የኔ ድካም ሁለቱን ማስታረቅ ነው። ጆሮ የለመደውን እየሰጠሁ፣ አንዲት ቦታ ላይ ያልጠበቀውን ማቀበል።

ምቱን ያገኘሁት ከወፍጮው ነው ብልሽ ታምኛለሽ? የሞተሩ ቺንጋ አንድ ጊዜ ተበጥሶ ተሰፍቷል፤ ስፌቱ በመዘውሩ ላይ ባለፈ ቁጥር ጧ ይላል፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ፣ አንዲት ጊዜ እንኳ አይዘገይም። ማይክራፎኑን አስጠግቼ በቴፕ ቀዳሁት። በዚያ ላይ በግራ እጄ ወፍራሙን ድምፅ፣ በቀኝ እጄ ዜማውን ጨመርኩ። ከዚያም ያንን ቴፕ እያሰማሁ፣ ሌላ ቴፕ ተውሼ፣ ዜማውን እየዘፈንኩ ሌላም ድምፅ ደረብኩበት። ብቻዬን አራት ሰው ሆንኩልሽ። ደምለው በሩን ከፍቶ ሌሎቹን የት ደበቅሃቸው አለኝ፤ ከጤፉ ጆንያ ኋላ ሳይቀር ፈልጓቸዋል።

ስጽፍ ደግሞ በፈረንጁ ኖታ አልጽፍም። ኖታውን እችለዋለሁ፤ ግን ድምፁ የትኛው እንደሆነ ይነግረኛል እንጂ እንዴት እንደሚታጠፍ አይነግረኝም። ለራሴ ስይዝ ከግጥሙ በላይ የማሰፍረው የዜማ ምልክት ነው፤ ድምፁ ሲወጣ ቅናት፣ ሲወድቅ ድፋት፣ ሲፈጥን ሂደት፣ ቆም ሲል ይዘት። ኦርጋን እንደ ጉሮሮ አይታዘዝም፤ ቁልፉ ወይ ይጫናል ወይ አይጫንም። ድምፁ እየተንሸራተተ የሚታጠፍበት ጭረት ላይ ስደርስ ግን ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ቁልፎች በአንድ ጣት አንሸራትቼ እነካቸዋለሁ፤ ያኔ ሰው ሰው ይሸታል። የባንዱ ልጆች ይህንን ከአሜሪካ ሸክላ የቀዳሁት ይመስላቸዋል። ኧረ ከአመድ ነው የተማርኩት ብላቸው ማን ያምነኛል!

እታለም፣ ያ አመድ! አባታችን ፊደልና ዳዊት አስተምረውሽ ለሴት ልጅ ይበቃታል ብለው ሲያቆሙሽ፣ አንቺ እንጨት እለቅማለሁ እያልሽ ከአጥሩ ውጭ ከግራሩ ሥር ተቀምጠሽ የተማሪዎቹን ዜማ ታዳምጪ ነበር። መጻሕፍቱ ፀሐይ ሲሞቁ እኔ እጠብቃለሁ ብለሽ ምልክቶቹን በዓይንሽ ትለቅሚያለሽ። በጆሮ የሰማሽውንና በዓይን ያየሽውን ብቻሽን አገናኘሽው። ከዚያ ለእኔ ምድጃ ዳር አመዱን በመዳፍሽ ደልድለሽ፣ በጣትሽ እየጻፍሽ አስተማርሽኝ። ኮቴ ስንሰማ አመዱን ጠረግ ታደርጊና ሁለታችንም እሳት የምንሞቅ እንመስላለን። እኔን ለአስኳላ ስለሰጡኝ ከአባታችን አፍ አንዲት ዜማ ተምሬ አላውቅም። የማውቀው ሁሉ ከአንቺ ነው።

ከጾመ ድጓው አንዲት ክፍል ላይ የተጣላነውን ታስታውሻለሽ? አንቺ እዚህ ቦታ ይዘት አለ፣ ድምፁ ቀጥ ብሎ ነው የሚመለስ ትያለሽ፤ እኔ ደግሞ መጽሐፉን ገልጬ የለም እልሻለሁ። ጸሐፊው ረስቶት ነው፣ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብለሽ ድርቅ! ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። አንድ ቀን አፍሽን አዳልጦሽ አባታችንን እንደ ተማሪዎቹ «የኔታ» ብለሽ ጠራሻቸው። እሳቸውም ለአንቺ አባትሽ ነኝ እንጂ የኔታሽ አይደለሁም አሉሽ። በቁጣ አልነበረም፤ እንዲያው ለማረም ያህል ነው። እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ያን ጊዜ የነበረው ፊትሽ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ያደረግሽልኝን ልቁጠር ብል ወረቀቱ አይበቃኝም። ከቤት ወጥቼ አቧራ ለብሼ ደጃፍሽ ላይ ስቆም አንዲት ጥያቄ አልጠየቅሽኝም፤ ውሃ ነው ያሞቅሽልኝ። የባቡር ሠራተኞቹ ክበብ ውስጥ ያለውን ፒያኖ እንድነካ ዘበኛውን ስትለማመጪ፣ ነፍሰ ጡር ሆነሽ በዚያ ፀሐይ ቆመሽ፣ አየሁሽ። ያንን ቀን ባትለምኚልኝ ዛሬ ምን እንደምሆን እኔ እንጃ። እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ቃል ስምንት ዓመት ሙሉ በአግባቡ ብዬሽ አላውቅም።

አሁን ወደ ዘፈኑ። ስጀምረው ጨው እንደሌለው ወጥ ሆነብኝ። ምቱ አለ፣ ዜማው አለ፣ ግን አይጣፍጥም። ግጥሙ ዘሪቱ ብትዘፍነውም በወንድ አፍ ነው፤ የሚጀምረው እንዲህ ነው፦

ከአጥሩ ማዶ ሆነሽ ድምፄን የሰማሽው፣
በሩ ሳይከፈት ነው ከልቤ የገባሽው።

አንድ ቀን «በሩ» የምትለው ላይ ስደርስ እጄ በራሱ ጊዜ ቀጥ አለ። ሲመለስ ደግሞ ያመለጠውን ሊይዝ ሮጥ እያለ ነው የተመለሰው። የአንቺ ይዘት! ያ የተጣላንበት! ወዲያው ሌላውን ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ ዝም አሰኘሁት፤ ወፍራሙንም፣ ቀጭኑንም፣ የቺንጋውን ጧጧታ ሳይቀር ከቴፑ ቆርጬ አወጣሁት። ቅዳሜ ወፍጮው ለአፍታ ሲቆም ዱቄታቸውን ለሚጠብቁት ሴቶች ከፈትኩላቸው። አንዷ ስለ ልጇ ሠርግ እያወራች ነበር። «በሩ» ብሎ ሙዚቃው ጸጥ ሲል ወሬዋም ጸጥ አለ፤ ሁሉም ቀና አሉ። ሲመለስ ያችው ሴትዮ ስልቻዋን እንደታቀፈች ትከሻዋን ነቀነቀችው! ድገመው፣ ድገመው ሆነ ነገሩ። ከመላው ዘፈን የወደዱት ያችን ዝም ያልኩባትን ቦታ ነው።

እማዬ፣ ደምለው መምጣቴን ሹክ ስላላት፣ በየቅዳሜው አባታችንን ሳታስጠረጥር እህል ይዛ ትመጣለች። ልታየኝ መሆኑ ነው። የሚፈጭ ሲጠፋት ያለፈው ሳምንት የተፈጨውን ዱቄት ይዛ ትመጣና ይድቀቅልኝ ትላለች። አባታችን ሁለት ሰዎች ሆነን ይህን ሁሉ ዱቄት ማን ሊበላው ነው እስከ ማለት ደርሰዋል። የዛሬ ሁለት ሳምንት ደግሞ ሚጥሚጣ አስፈጨች። ደምለው መጠቅለያ ወረቀት ሲያጣ ከኦርጋኔ ላይ አንዱን ብድግ! የዘፈኔን ወረቀት፣ ያንኑ ከነምልክቱ።

እማዬ እቤት ደርሳ ሚጥሚጣውን ከገለበጠች በኋላ ወረቀቱን ልትጥል ስትል አባታችን ፊደል ያለበት ነገር መሬት አይወድቅም ብለው ተቀበሏት። ሦስት ጊዜ አነጠሱና ወደ ብርሃን አስጠጉት። ምልክቱን ሲያዩ ዓይናቸው በራ። «በሩ ሳይከፈት» የሚለውን ሲያነቡማ፣ አንድ ጀማሪ የሕዝቅኤልን የተዘጋ በር አንሥቶ እመቤታችንን ሊያመሰግን የሞከረ መሰላቸው! ቀይ ቀለማቸውን አውጥተው እስከ ሠርክ ድረስ ሲያርሙ ዋሉ። እዚህ ድፋት አይደለም ሂደት ነው፣ እዚህ ድምፁን የሚያርገበግበው ርክርክ ይጨመር እያሉ። «በሩ» ላይ ያለውን ይዘት በቀይ ሰረዙት። በኅዳጉም፣ የተዘጋውን በር ማምጣቱ መልካም ነው፣ ሥርዓቱ ግን ገና ይቀረዋል፣ መምህር ይፈልግ ብለው ጻፉበት። ከዚያ ይህ ልጅ ሳይበላሽ ላግኘው፣ ወፍጮ ቤቱ አካባቢ ያለ ተማሪ ሳይሆን አይቀርም አሏት። እማዬ ሳቋን በነጠላዋ ይዛ፣ እኔ ምን አውቄ አለቻቸው።

ያለፈው ቅዳሜ አባታችን ወረቀቱን በዳዊታቸው ውስጥ አጥፈው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ከእማዬ ጋር መጡ። ደምለው ከነዱቄቱ ጉልበታቸው ላይ ሲወድቅ ጋቢያቸውን ነጭ በነጭ አደረገው። ይህን የጻፈው ማን ነው ቢሉት በአገጩ ወደ ኋላ ክፍል ጠቆመ። እኔም ወሬውን ሳልሰማ ወጣሁ። ፊቴ ዱቄት ስለነበር አላወቁኝም። ተማሪው አንተ ነህ አሉኝ። ነኝ አልኩ። ድምፄን ሲሰሙ አወቁኝ፤ የዘረጉልኝን ወረቀት ወደ ራሳቸው ሰበሰቡት።

እታለም፣ ስምንት ዓመት ያጠናሁትን ንግግር ትቼ እግራቸውን ሳምኩ። አላነሡኝም፣ አልገፉኝምም። ልዋሽ እችል ነበር፤ የቅኔ ተማሪ ሆኛለሁ ብል ደስ ብሏቸው ይመለሱ ነበር። ግን አልቻልኩም። ይህ የእመቤታችን ምስጋና አይደለም፣ ለአንዲት ልጅ የተገጠመ ዘፈን ነው፣ ሸክላ ላይ ሊወጣ ነው፣ እኔም የመጣሁት ስምዎን ልለምን ነው አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። የቅዱስ ያሬድን ምልክት ለመጠጥ ቤት አደረግኸው ወይ አሉና ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። አለቀልኝ አልኩ። ያን ጊዜ እማዬ፣ ያች አንድ ቀን ቀና ብላ ያልመለሰችላቸው እማዬ፣ ሳይሰሙ የሚፈርዱ ዳኛ ሆኑ እንዴ አለቻቸው። ቆሙ። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ቆሙ። እኔም ቴፑን ከፈትኩት።

«በሩ» ብሎ ዝም ሲል ትከሻቸው ደንገጥ አለ። ዞሩ። ድገመው አሉኝ። ደገምኩት። አሁንም አሉኝ። ከዚያ ይህ ይዘት ከየት መጣ፣ መጽሐፉ ላይ የለም፣ እኔ ደግሞ አንተን ዜማ አላስተማርኩህም፣ ማን አስተማረህ ብለው ጠየቁኝ። እታለም ናት አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እንጨት ለቀማውን፣ አመዱን፣ ጸሐፊው ረስቶት ነው ያልሽውን ሳይቀር። ይቅር በይኝ፤ ያን ምሥጢራችንን ሃያ ዓመት ጠብቄው ነበር። በየትኛው ክረምት ነበር አሉኝ። ቀዩ በሬያችን ገደል የገባ ጊዜ ስላቸው በጣታቸው ቆጠሩና ጆንያው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

ያን ክረምት ሳል ይዟቸው ነበር። ያች ቦታ ረጅም ትንፋሽ የምትፈልግ ስለሆነች እዚያ በደረሱ ቁጥር ሳሉ ይነሣባቸዋል። ዜማ መሐል መሳል ነውር ነው ብለው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አፍነው ድምፅ ሳያሰሙ ያሳልፉትና ያመለጣቸውን ለመያዝ ፈጠን ብለው ይቀጥላሉ። ፊት ለፊት የተቀመጡት ተማሪዎች ያዩዋቸዋል፤ ስለዚህ አንዳቸውም አልተሳሳቱም። ይህን ስህተት ሊሠራ የሚችለው እየሰማ የማያየኝ ሰው ብቻ ነው፣ ሳሉ ጋቢዬ ውስጥ ቀርቶ ከአጥሩ የወጣው ዝምታው ነበር አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፤ ታዲያ አንተ ያን ሁሉ ሰው ልታስጨፍር የተነሣኸው በሳሌ ነው በለኛ አሉኝ! ደምለው ፊቱን ወደ ወፍጮው አዞረ። እማዬ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ፤ አባታችን እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

ሳቃቸው ሳያልቅ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉት። ብዙ ቆዩ። ውጭ ያሉት ሴቶች ምንም አልሰሙም። እኔ ግን በዚህ በኩል ስለነበርኩ አየሁት፤ ሳል አልነበረም። ሲገልጡት፣ ከየአገሩ የመጣውን ሁሉ አስተምሬ፣ ዝምታዬን ሳይቀር የያዘችልኝን ልጄን ከአጥር ውጭ አስቀረኋት አሉ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ።

ፍርዳቸውን ልንገርሽ። ጠምዝዘህ ጠምዝዘህ ከያሬዱ ዜማ የቀረ ነገር የለም፣ ወደፊትም እንዳትነካው፤ ሳሌን ግን መርቄልሃለሁ አሉኝ። ግጥሙንም እንደገና አነበቡት። ሰሙ የተገጠመላት የዚያች ልጅ ነው፣ ወርቁ ግን የእህትህ ነው፣ ከአጥር ማዶ ሆና የሰማችን ሌላ ማን አለ አሉኝ። በሞቴ እታለም፣ እኔ ስጽፈው አላወቅሁትም ነበር። በመጨረሻም ስሜን ጻፍ አሉኝ። ስሜን ጻፍ! ግን ብቻህን አይደለም፣ አስቀድማ ያገኘችው እሷ ናት፣ የእሷም ከፊት ይጻፍ አሉ። ስለዚህ ሸክላው ላይ «ዜማ የዓለምዘርፍ አድማሴ፣ ግጥምና ቅንብር ቢያዝን አድማሴ» ተብሎ እንዲወጣ እንድትፈቅጂልኝ እለምንሻለሁ። ጋሽ ሙላትን አማክሪውና እሺ የምትል አንዲት ቃል በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ጾሙ ሳይገባ ነው የምንቀረጸው።

ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤልሻለሁ። ሚጥሚጣ ስላለበት ስትከፍቺው ከፈንታ ዓይን አርቂው። ቀዩ የአባታችን እጅ ነው። «በሩ» ላይ ያለውን ይዘት መጀመሪያ ሰርዘውት ነበር፤ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ደግሞ እርሳስ ለምነው አጠገቡ «ይቁም» ብለው ጽፈውበታል።

ጋሽ ሙላትን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ ያንን የክበቡን ዘበኛም ካገኘው ምስጋናዬን ያድርስልኝ። ለእማማ ወለተ ኢየሱስ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። የኔዓለምን ግንባሯን፣ ፈንታን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። የኔዓለም ዜማ ካማራት ደግሞ አመድ አያስፈልጋትም፣ ደብተር ግዢላት። ደምለው ሰላም ብሎሻል፤ ከተማሪዎቹ ሁሉ ያልተኛሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ ይላል። እማዬ እንባና ሳቅ አደባልቃ ስማሻለች፤ ከእንግዲህ ለማስፈጨት ሰበብ እንደማያሻት ንገራት ብላኛለች።

አባታችንም ሰላም ብለውሻል። ቅዳሜ ሊሄዱ ሲሉ ከበሩ ተመልሰው፣ ስትጽፍላት ይህንን ንገራት አሉኝ፤ ከእንግዲህ ደብዳቤ ስትልክልኝ አባባ ብላ አትጀምር፣ የኔታ ትበለኝ።

ወንድምሽ ቢያዝን አድማሴ
ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት ፲፱ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.